ጣራው የማን ነው?

ሰማይ ጠጋኟ የሚለውን ስም ያወጣላት ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከዚያ በፊት ፍራሽ ፋብሪካ ውላ የምትገባ፣ በሰፈሩም «የምድጃ ሠሪው ሚስት» ተብላ ብቻ የምትታወቅ ሴት ነበረች። ጣራ ላይ መውጣት ይቅርና መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ስትቆም እንኳ አማቷን «እማማ፣ ይቺን ወንበር ያዙልኝ» የምትል ፈሪ ነበረች።

ባሏ ግን የጣራ ሰው ነው። የሚኖሩበት ከተማ ብርዳም ነው፤ የዓመቱን እኩሌታ ዝናብና ነፋስ እየተፈራረቁ ይጫወቱበታል። ድሃውም ሀብታሙም ቤት ውስጥ ወይ ግድግዳው ላይ የተገነባ የጡብ ምድጃ አለ፣ ወይ ረጅም ቱቦ ያለው የብረት ምድጃ። ሰው ሁሉ እሳት ማንደድ ያውቃል፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስበው ግን ሳሎኑ መሀል ቆሞ ሲያስነጥስ ነው። ያኔ ነው ምድጃ ሠሪው የሚጠራው። እሱም መሰላሉን ተሸክሞ፣ ረጅሙን ብሩሽ በገመድ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ጣራው ላይ እንደ ሜዳ ይንጎራደዳል፤ ጥቀርሻውን አራግፎ፣ የተሰነጠቀውን ጡብ ደፍኖ፣ ፊቱ ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ እየበራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ እግሩን መሬት ሲያሳርፍ ወለሉ ዞረበት። «ያዙኝ፣ ቤቱ እየዞረ ነው!» ብሎ ጮኸ። እናቱ ከጓዳ ሮጠው መጡ፤ ሚስቱ ትከሻውን ያዘች። ሐኪሙ ጆሮውን መረመረና ነገሩ የውስጥ ጆሮ ሕመም እንደሆነ፣ እንደማይገድለው፣ ሊለቀውም ላይለቀውም እንደሚችል ነገረው። «መሰላል ግን ከእንግዲህ እርም በል» አለው።

እርም ያለው ምድጃ ሠሪ ምን ይሠራል? ቤት ተቀመጠ። ያኮረፈ ሕፃን መሰለ። መስኮት ሥር ወንበር አስጠግቶ የጎረቤቶቹን ጭስ ማውጫዎች እያየ ይውላል። «ያ ጭስ ጥቁር ነው፤ እርጥብ እንጨት እያነደዱ ነው። ያኛው ደግሞ ክዳኑ ወደ ጎን ዘሟል፤ ንገሯቸው» ይላል። ማን ሄዶ ይንገራቸው? ሰው ደግሞ በሩን ማንኳኳቱን አልተወም። «ጋሼ፣ ምድጃዬ ጭሱን ወደ ቤት ይተፋል።» «ጋሼ፣ እሳቱ አልያዝ አለኝ።» እሱም የቻለውን ያህል በአፉ እየመከረ ይሸኛል። ሚስቱ የምትሠራበት ፋብሪካ በዚያ ሰሞን ሥራ ቀንሶ ስለነበር የሳምንቱን ግማሽ ቤት ነው የምትውለው፤ ማየት የማትፈልገውን ሁሉ ታያለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው መጣ። የችግሩ ምክንያት የዳቦ ቤቱ ምድጃ አይደለም፤ የመኖሪያ ቤቱ ነው። ሚስቱ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ የተኛችበት ክፍል ያለው የጡብ ምድጃ እሳት በተለኮሰበት ቁጥር ክፍሉን በጭስ ያፍነዋል፤ ካልተለኮሰ ደግሞ ሕፃኑን ብርድ ሊጨርሰው ነው።

«መጥተህ ከታች እየው ብቻ፤ ውጣ አላልኩህም» ብሎ ለመነው።

ሄዱ። እሷ አብራ የሄደችው መንገድ ላይ ቢያዞረው ክንዱን ልትይዝለት ነው። ባሏ ምድጃው ፊት ተንበረከከና ከኪሱ የማትለየውን ትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ ዘርግቶ ወደ ላይ አየ። በጤናማ ጭስ ማውጫ ውስጥ በመስታወት ሲያዩ ሰማዩ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይታያል። እዚህ ግን ድፍን ጨለማ ነው።

«ጫፉ ላይ ነው የተደፈነው» አለ። «ከላይ ነው የሚከፈተው።»

ዳቦ ጋጋሪው እንደ ሊጡ የተነፋ ሰው ነው፤ መሰላሉ እሱን ተሸክሞ እንደማይዘልቅ ለማንም ግልጽ ነው። አራሷ ከአልጋዋ ቀና ብላ ታያለች። ሕፃኑ ያስላል። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ጣራው አንጋጠዋል፤ አንድ ሰው ከዚያ እንዲወርድላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«መሰላሉን አምጡልኝ» አለች የምድጃ ሠሪው ሚስት።

በኋላ ሰው ሲጠይቃት፣ ምን እንደገባባት እስካሁን አላውቅም ነው የምትለው። ባሏ «አንቺ? ወንበር ላይ የማትቆሚው?» አላት። መሰላሉ ግን መጣ። እሱ ገመድ ወገቧ ላይ አሰረና ጫፉን በጣራው ማዶ አሻግሮ ከጓሮው ዛፍ ጋር ጠፈረው፤ ቋጠሮውን ሦስቴ አራቴ ጎትቶ ሞከረ። ከዚያ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ፣

«ወደ ታች እንዳታዪ» አላት።

«ታች ያለኸው አንተ ነህ፤ አንተን ደግሞ በየቀኑ አይሃለሁ» አለችና ወጣች።

ቀልዱ ከአፏ ይውጣ እንጂ ጣራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ደረቷን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ እንደ እንሽላሊት ነው የተሳበችው። ጭስ ማውጫው ጋ ደርሳ በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው፤ ትንሽ እስክትረጋጋ ድረስም አልለቀቀችውም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ አየች። ጭራሮ፣ ላባ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ ከማን የልብስ መስቀያ ገመድ እንደተሰረቀ የማይታወቅ አንድ የሕፃን ካልሲ፣ ሁሉም በጭቃ ተለውሶ አፉን ደፍኖታል።

«ምን አለ?» የባሏ ድምፅ ነው። ከጓሮ አልነበረም የመጣው፤ ከጭስ ማውጫው ሆድ ውስጥ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ነው። ወደ ቤት ገብቶ አፉን ወደ ምድጃው አስገብቶ ነው የሚጮኸው።

«የወፍ ጎጆ!»

«ወፍ አለበት?»

«ባዶ ነው፤ ለቀው ሄደዋል!»

«ተመስገን። በይ እየቆነጠርሽ ወደ ውጭ ጣዪው፤ ወደ ውስጥ እንዳትገፊው፤ ከገባ እኔ ራስ ላይ ነው የሚወርደው!»

እየቆነጠረች ጣለችው። ብሩሹን በገመድ አውርዳ፣ እሱ «አሁን ጎትቺ፣ አሁን ልቀቂ» እያላት ጥቀርሻውን አራገፈች። ከታች አራሷና ሕፃኑ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወሩ በኋላ እሳቱ ተለኮሰ። ጭሱ ሽቅብ ተምዘግዝጎ መጣና ፊቷን መታት፤ እያሳለች ሳቀች። መውረድ ነበረባት። ግን ጣራው ጀርባ ላይ ቁጭ አለችና ከተማውን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ከተማ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም። ጓሮዎቹ፣ የተሰጡት ልብሶች፣ የፋብሪካው ረጅም ጭስ ማውጫ፣ አጥር የሚዘሉ ውሾች። ማንም አይጠራትም፤ ማንም ምን አበሰልሽ አይላትም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሰፋ አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ከታች ጮኸ፦ «አሁን ደግሞ ሰማዩን ልትጠግኚ ነው እንዴ? ውረጂ እንጂ!»

ዳቦ ቤት ደግሞ ሰው የሚሰለፍበት ቦታ ነው፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማይ ጠጋኟ አላት።

አማቷ ወሬውን ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተቀበሏት። «ልጄን መሬት አስቀምጠሽ አንቺ ሰማይ ወጣሽ? ብትወድቂ የማን ስም ነው የሚነሳው? ‹ሚስቱን ጣራ ላይ ሰቅሎ ገደላት› ይባልልኝ?» አሉ። ምራትየዋ እጇን እየታጠበች የሚወርደውን ጥቁር ውሃ ትመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ እየጎተተ አስገባት። ቀሚስ ለጣራ ስለማይሆን ከፋብሪካ በተረፈ ባለ መስመር የፍራሽ ጨርቅ ሰፊ ሱሪ ሰፋች፤ ከሩቅ ለሚያያት ፍራሽ በሁለት እግሩ ጣራ ላይ የሚሄድ ይመስላል። የሰፈር ሰው በሳቅ ሞተ፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ባሏ ከታች፣ እሷ ከላይ ሆኑ። እሱ ባለቤቶቹን ያነጋግራል፣ አመዱን ይነካል፣ የምድጃውን በር ከፍቶ ይዘጋል፣ በመስታወቱ ያያል፤ ከዚያ ድምፁን በጭስ ማውጫው ይልክላታል። እሷ ያየችውን ትመልስለታለች። ባልና ሚስት ሆነው እንደዚያ ዘመን ብዙ ተነጋግረው አያውቁም። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብለኝ»ና «በሩን ዝጊ» ነበር፤ በጭስ ማውጫው ግን ወሬው አያልቅም። አንዳንዴ ሥራው ካለቀ በኋላም «ከዚያ ምን ይታያል?» ይላታል፤ እሷም ትነግረዋለች። ከዙፋኑ የወረደ ንጉሥ ስለ ድሮ ግዛቱ እንደሚጠይቅ ዓይነት ነበር አጠያየቁ።

ብዙ ነገር ተማረች። እንጨት እሳት ላይ ሆኖ ጫፉ አረፋ እያወጣ ከተንጫጫ ገና እርጥብ መሆኑን፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ ደግሞ የሚሄደው ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ዝፍት እየተጣበቀ መሆኑን፣ ያም ዝፍት አንድ ቀን ራሱ እሳት ይዞ ጣራውን ሊበላ እንደሚችል አወቀች። ከውጭ ግድግዳ ጋር የተሠራ ጭስ ማውጫ ሆዱ ስለሚቀዘቅዝ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጋዜጣ አንድደው ካላሞቁት በቀር ጭስ እንደማይቀበል አወቀች። አንዱ ቤት ለዓመታት ደህና የነበረ ምድጃ ድንገት አመፀ ተብለው ሄዱ፤ ከታች ምንም አልተገኘም፤ እሷ ጣራ ላይ ስትወጣ ግን ጎረቤትየው አዲስ ፎቅ መጨመሩን አየች፤ ነፋሱ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተመልሶ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደሚገለበጥ ፀጉሯ ሲበተን ተሰማት። ጭስ ማውጫውን ከፍ አደረጉት፤ ሰላም ሆነ።

ሳቅ የሌለበትም ቀን ነበር። ሰዓት ሠሪውና እናቱ ለቀናት ራሳቸውን እያመማቸው፣ እያቅለሸለሻቸው ጉንፋን ነው ብለው ምድጃቸው አጠገብ ተኝተው ነበር። ባሏን የጠሩት ለሌላ ነገር ነው፤ የምድጃው በር መስታወት ለምን ይጠቁራል ተብሎ። በሩን አልፎ የሁለቱንም ፊት እንዳየ አንድ ቃል ሳይጠይቅ መስኮቱን በረገደው፣ አሮጊቷን ታቅፎ ልጃቸውንም አስከትሎ ግቢ አወጣቸው። ከታፈነ ምድጃ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ ሰው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ በዚያው የሚቀርበት መርዝ ነው። ጣራ ላይ ስትወጣ አንድ የተናደ ጡብ የጭሱን መንገድ ዘግቶት አገኘች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመታት አለፉ። ፋብሪካውን ጨርሳ ተወችው። ምድጃ ሠሪው ሲብስበትም ሲሻለውም ስለ ጆሮው ማውራቱን ተወ። እሷም አትጠይቀውም። አንድ ጠዋት ግን ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጓሮ ውስጥ መሰላሉ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ባሏ አናቱ ላይ ነው። አልዞረበትም፤ መሰላሉንም አልጨመደደም። የራሳቸውን ጭስ ማውጫ ክዳን እያቃና ያፏጫል።

ሲወርድ አያት። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ለቀቀኝ» አላት። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ» ሊል ነበር መሰል፣ አፉ ላይ የመጣውን ትቶ «ከለቀቀኝ ከርሟል። እስኪረጋገጥልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። በይ እንግዲህ አንቺም ተገላገልሽ፤ ከነገ ጀምሮ ታች ትሆኚያለሽ» አላት።

«ተመስገን» አለች። ከልቧ ነው። ግን ከዚያው ከልቧ፣ ከሥሩ፣ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ አንድ ነገር የተነጠቀች መሰላት። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታንኳኳ ዋለች። የድስቱ ክዳን ድምፅ የበዛባቸው አማቷ በመጨረሻ፣

«ምን ሆነሻል አንቺ? ባልሽ ዳነ እኮ!» አሏት።

«ደስ ብሎኛል እማማ።»

«ይሄ ደስ ያለው ሰው ድስት ነው?»

ባሏ ከሳሎን ሰምቶ መጣ። «ምንድነው የከፋሽ?»

«ምንም።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ጣራውን ወስደህ ምንድነው የከፋሽ ትለኛለህ?»

«ወሰድኩ? የኔ አልነበረም እንዴ? ታምሜ ነው የያዝሽልኝ!»

«ወንበር ነው የያዝኩልህ እንዴ፣ ተመልሰህ እስክትቀመጥ?»

እሱም ደሙ ፈላ። ሃያ ዓመት የሠራበት እንደሆነ፣ ዓመታት ሙሉ በመስታወት ሰማይ ሲለምን እንደኖረ፣ እሷ ይህን መረዳት እንዳልቻለች ተናገረ። እሷም ተናገረች። አማትየው መሀል ገብተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ። ለቀናት በእናቱ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «እማዬ፣ ምሳ ቀርቧል በያት።» «እማማ፣ አውቄያለሁ በሉት።» አሮጊቷ «እኔ የቴሌፎን ሽቦ ነኝ?» ብለው ተማረሩ።

በዚህ መሀል ጡረተኛዋ አዋላጅ ላኩባቸው። የከተማውን ግማሽ እጃቸው ላይ የተቀበሉ ሴት ናቸው፤ ባልየውንም ጭምር። ቤታቸውን በቅርቡ አሳድሰው ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ አዲስ፣ በሮቹ ላይ የጎማ ጥብጣብ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽታ የሚስብ ማራገቢያ። የብረት ምድጃቸው ግን ከዕድሳቱ ወዲህ ጭስ ይመልሳል።

ባልየው ግቢው እንደደረሱ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። እሷ በባለ መስመር ሱሪዋ ሳሎን ገብታ ምድጃው ፊት ተንበረከከች። እንዲህ ከታች ሆና ስታየው ምድጃ ሌላ ፍጡር ነው። ከላይ ያለ ሰው አንድ ቀዳዳ ነው የሚያየው፤ ከታች ግን በር፣ ቱቦው ላይ ያለው የጭስ መዝጊያ፣ አመድ፣ ምንጣፍ፣ የቤቱ ባለቤት፣ የባለቤቱ ጥያቄ። አዋላጇ አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ደግሞ ዛሬ አንቺ ታች ነሽ? ምን ተፈጠረ?» አሏት።

«እሱ ድኗል፣ እትዬ።»

«እሰይ። አንቺ ግን ፊትሽ የታመመ ሰው ፊት ነው።»

እሷ መስታወቷን አስገብታ አየች። ሰማዩ ይታያል፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ አለ። ያኔ ከላይ ድምፁ መጣ።

«ክዳኑ ላይ ያለው የሽቦ ወንፊት በጥቀርሻ ተደፍኗል! ችግሩ እሱ ነው!»

ለቀናት ሳታናግረው የቆየች ሴት ወደ ምድጃ ውስጥ አፏን አስገብታ ምን ትበል? «እሺ» አለች። እሱ ወንፊቱን ጠረገ። ጋዜጣ አነደደች፤ ከዚያ ቀጭን እንጨት። ጭሱ ትንሽ ሽቅብ ሄደና ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ፤ ሳሎኑን ሞላው።

«አልሳበም!» ብላ ጮኸች።

«ይስባል! ጠብቂ!»

«እየጠበቅኩ ነው፤ እየታፈንኩ ነው!»

«መዝጊያውን ከፍተሽዋል?»

«ሰውዬ፣ እኔ ትናንት የተወለድኩ ነኝ?»

አዋላጇ «አይ፣ አንቺን ያዋለድኩሽ እንኳ እኔ አይደለሁም» አሉና እያሳሉ ተነሥተው ደረቅ እንጨት ሊያመጡ የጓሮውን በር ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት ጭሱ ጆሮውን የተጎተተ ይመስል ዞሮ ሽቅብ ተሳበ። አዋላጇ እንጨቱን ይዘው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ጭሱም ተመልሶ መጣ።

ሰማይ ጠጋኟ እጇ ላይ ያለውን አመድ ሱሪዋ ላይ ጠረገች። «እትዬ፣ እስቲ በሩን ደግመው ይክፈቱልኝ» አለች። ከፈቱ፤ ጭሱ ሽቅብ ወጣ። «ይዝጉት።» ዘጉ፤ ተመለሰ። ያኔ ጆሮዋ ቆመ፤ ከወጥ ቤት አንድ ነገር ያለማቋረጥ እንደ ንብ ጥዝ ይላል። ሄዳ ሽታ የሚስበውን ማራገቢያ አጠፋችው። ተመልሳ የጨርቅ ጫፍ ለኩሳ አጠፋችና ጭሱን ወደ ምድጃው በር አስጠጋች፤ ዘንበል ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ማራገቢያው ሲበራ ደግሞ ጭሱ ወደ ወጥ ቤቱ ያዘነብላል።

«ቤቱ ነው!» ብላ ወደ ምድጃው ጮኸች። «ቤቱን እንደ ጣሳ አሽገውታል፤ አየር የሚገባበት የለም! ማራገቢያው አየሩን ሲጎትት ጭሱን ከጭስ ማውጫው ወደ ቤት ይመልሰዋል!»

ከላይ የእግሩ ኮቴ ቆርቆሮው ላይ ተሰማ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለ። «ወንፊቱም ግን ተደፍኖ ነበር።»

«ተደፍኖ ነበር፤ አልካድኩህም!»

አዋላጇ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው ወደ ላይ ጮኹ። «አንተ ልጅ! ስትወለድም እንዲሁ ነበርክ፤ ሁሉም ነገር ወጥቶ አንድ ትከሻህ አልወጣም ብሎ አስጨንቆን ነበር! በል ውረድ!»

ሲወርድ እሷ ወጥታ መሰላሉን ያዘችለት። ከመጨረሻው መርገጫ ላይ ሳይወርድ ቆመ። ራሱ አልዞረም፤ ግን ለዓመታት ያልወጣ ሰው ነው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ታች ሆኜ ከሰው ጋር እያወራሁ ነበር የምሠራው» አለ፣ እሷን ሳያይ። «ከላይ ነፋስ ብቻ ነው። ሳስበው የነበረው ሌላ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ስመኘው የነበረው... እንጃ፤ ጣራው አይደለም መሰለኝ። እንደ ድሮው መሆን ነበር የፈለግኩት።»

እሷም ልትናገር ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ግን አፏ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ። «ታች ደግሞ ሰው ይበዛል። ሰው ይጠይቅሻል፣ ሰው ያስልብሻል። ይህን ሁሉ እየቻልክ ነበር የምትሠራው? እኔ የሚቀለውን ይዤ ኖሬያለሁ ለካ።»

«ይቀላል?» ብሎ ሳቀ። «ጉልበቴን እይው፤ ይንቀጠቀጣል።»

አዋላጇን መስኮታቸውን ትንሽ ከፍተው እንዲያነዱ፣ ወይም ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ አየር ማስገቢያ እንደሚሠሩላቸው ነገሯቸው፤ በሌላ ቀን መጥተውም ሠሩላቸው። ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ መሰላሉን ፊትና ኋላ ሆነው ተሸክመው፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ማራገቢያው እየተከራከሩ ነበር። አማትየው በሩ ላይ ቆመው በየራሳቸው አፍ ሲነጋገሩ ሲሰሙ «ተመስገን፣ ሽቦው ዐረፈ» አሉ።

ጣራው ለማን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ፣ ቆጥረው አልተካፈሉትም። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ትወጣለች። አየሩ ሲያምር፣ ቤቱም ዝቅ ያለ ሲሆን፣ እሱ ገመዱን ከእጇ ይወስድና «ዛሬ ተይልኝ» ይላል፤ ትተውለታለች። ያን ጊዜ እሷ ታች ተንበርክካ ባለቤቶቹን እየጠየቀች ትሠራለች፤ መጠየቁንም ቀስ በቀስ ለመደችው። አማትየው በደህና ዕድሜ፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ አረፉ። ባልና ሚስቱ ባለፈው ክረምት ቀላል የአሉሚኒየም መሰላል ገዙ። አሁን የሚጨቃጨቁት የት ይቀመጥ በሚለው ነው፤ እሱ ኮሪደር ውስጥ ይሁን ይላል፣ እሷ ደግሞ ኮሪደሩ ውስጥ መሰላል ከገባ እኔ በየት ላልፍ ነው ትላለች። እስካሁን ጓሮው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነው ያለው።